«ኬሞውን ትተሽ ኢሚዩኒቲሽን አጠንክሪ» ለሚሉ ወገኖች



 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል። ነገሩ የእናቶቻችንና የእህቶቻችን ነፍስ ጉዳይ ስለሆነ ታግሣችሁ አንብቡት።

በየግሩፑ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወር አንድ ወሬ አለ። የለበሰው ልብስ ሳይንስ ነው። «ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አመኑ፤ የጡት ካንሰርን የሚያድነው ኬሞ ሳይሆን የሴትየዋ የራሷ ኢሚዩኒቲ ነው። ከደሟ ላይ ታይቶ ኬሞው ይሠራላት እንደሆነ ይታወቃል። ኬሞ ደግሞ ኢሚዩኒቲን ይገድላል። ስለዚህ መርዙን ትተሽ ኢሚዩኒቲሽን አጠንክሪ» ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ከስልክ ቁጥሩ ቀጥሎ የዱቄቱ ዋጋ።

ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ሁለት መስመር መልስ በበቃው ነበር። ችግሩ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ከደም ላይ የሚነበቡ የበሽታ መከላከያ ምልክቶች ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ኬሞ ምን ያህል እንደሚሠራ አስቀድመው ይጠቁሙ እንደሆነ በብዙ አገር ተጠንቷል፣ አሁንም እየተጠና ነው። ነገር ግን ስለ ኬሞ ምላሽ የሚናገሩት ጥናቶች የተሠሩት ኬሞ በወሰዱ ሴቶች ላይ ነው። የሚያሳዩትም ኬሞውና የሰውነት መከላከያው እየተጋገዙ እንደሚሠሩ ነው። ከዚህ ውስጥ «ኬሞውን ተዪው» የሚል መልእክት ያወጣ ሰው ወይ አላነበበም፣ ወይ አንብቦ ዋሽቷል። ሦስተኛ አማራጭ አላገኘሁለትም።

ከወረቀቱ እንጀምር። ኬሞ የምትወስድ እህታችን በየዙሩ መድኃኒቱን ከመውሰዷ በፊት ደም ትሰጣለች። ምርመራው ሲቢሲ ይባላል፤ በርካሽ ከሚሠሩት የደም ምርመራዎች አንዱ ነው። በውጤቱ ላይ ነጭ የደም ሴሎች በየዓይነታቸው ተቆጥረው ይቀመጣሉ። ለዛሬ ሁለቱን እንያቸው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ባክቴሪያ ሲገባ ወይም ሰውነት ሲቆጣ ቀድመው የሚደርሱና የሚበዙ ናቸው። ሊምፎሳይት የሚባሉት ደግሞ ጠላትን ለይተው የሚያውቁ ናቸው፤ የካንሰር ሴልን ለይቶ መግደል የሚችለው ቲ ሴል ከእነርሱ አንዱ ነው። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ቀላል ነገር ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው አካፈሉት። ኒውትሮፊሏ 60 በመቶ፣ ሊምፎሳይቷ 30 በመቶ የሆነ ሴት ውጤቷ 2 ነው። 75 እና 15 የሆነባት ደግሞ 5 ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሰውነት በቁጣ ላይ ነው፣ ለይተው የሚዋጉት ወታደሮች ደግሞ በንጽጽር አንሰዋል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ቁጥር ምን አሳየ? በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 15 ጥናቶችንና 8,563 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን አሰባስቦ የተመለከተ ትንተና ታትሞ ነበር። ቁጥሩ ከፍ ያለባቸው ሴቶች በሕይወት የመቆየታቸው ነገር ቁጥሩ ዝቅ ካለላቸው የከፋ ሆኖ ተገኝቷል፤ የመሞት ስጋታቸው ከ2 እጥፍ በላይ ነበር። ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞ በወሰዱ ሴቶች ላይም ቁጥሩ ዝቅ ያለላቸው ለመድኃኒቱ የተሻለ ምላሽ እንደሰጡ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። በአሜሪካ ቴነሲ የሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደግሞ በ2022 ባወጣው ጥናት ሞኖሳይት የሚባሉትን ሌሎቹን ነጭ የደም ሴሎች ተመልክቶ፣ በአራት የተለያዩ የታማሚ ስብስቦች ውስጥ መልካም ውጤት ያገኙት ሴቶች ሞኖሳይታቸው ከፍ ያለ እንደነበር ዘግቧል። ነጋዴው ያነበበው፣ ካነበበ ማለቴ ነው፣ እስከዚህ ድረስ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አይነግራችሁም።

አንደኛ ነገር ይህ የብዙ ሰው አማካይ ነው። አንዲት የተወሰነች እህት ወረቀቷን ይዛ ብትመጣ «አንቺ ትድኛለሽ፣ አንቺ አትድኚም» ለማለት አይበቃም። ኒውትሮፊል ጉንፋን ሲይዝ፣ ጥርስ ሲያመረቅዝ፣ በእርግዝና፣ በሲጋራ፣ በጭንቀት ይጨምራል። ማስታወክን ለመከላከል ከኬሞው በፊት የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከፍና ዝቅ የሚለየው መስመርም ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ አንዱ 2 ላይ ያሰምራል፣ ሌላው 3 ላይ፣ ሌላው 4 ላይ። መስመሩ ያልጸና ሚዛን ገበያ ላይ ቢመጣ ማንኛችንም አንገዛበትም።

ሁለተኛው ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በአፍሪካና በዐረቢያ ምድር ብዙ ፍጹም ጤነኛ ሰዎች የኒውትሮፊል ቁጥራቸው በተፈጥሮ ከአውሮፓውያን ያነሰ ነው። ዋናው ምክንያት ዳፊ የሚባለው በዘር የሚወረስ የደም ልዩነት ነው። በሽታም ድክመትም አይደለም። በ1999 የታተመ ጥናትም ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 የሚባሉት የመከላከያ ሴሎቻቸው ከሆላንድ ሰዎች በአማካይ ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ በኮሪያ ወይም በጣሊያን ሴቶች ላይ የተሰመረን መስመር አምጥቶ በደሴ ወይም በጅማ እናት ወረቀት ላይ ማስመር ከመነሻው ስህተት ነው። ጤነኛ እህት ሲቢሲዋን አሳይታው «ነጭ ደምሽ ወርዷል፣ ኢሚዩኒቲሽ ደክሟል» ብሎ ዱቄት የሚሸጥላት ሰው ያየው በሽታ ሳይሆን አላህ የፈጠራትን ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። እስቲ የመከላከያው ምልክት ደካማ ነው እንበል። ታዲያ ኬሞው አይሠራም ማለት ነው? በጀርመን የተካሄዱ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2018 የታተመ ሥራ አለ፤ 3,771 ሴቶች ናቸው። ይኸኛው ከደም ሳይሆን ከዕጢው ናሙና ላይ ነው፤ ዕጢው ውስጥ ስንት ሊምፎሳይት ገብቷል የሚለውን ነው የቆጠሩት። ከደም ይልቅ ለጦርነቱ ቦታ የቀረበ መረጃ ነው። ሦስቱም መለያዎች የሌሉት፣ ትሪፕል ኔጌቲቭ የሚባለው ኃይለኛ ዓይነት ካለባቸው መካከል ሊምፎሳይት በብዛት የገባላቸው 50 በመቶ የሚሆኑት ከኬሞው በኋላ በቀዶ ሕክምና ሲታዩ ቀሪ ካንሰር አልተገኘባቸውም። ጥቂት ሊምፎሳይት ብቻ የነበራቸውስ? 31 በመቶ። ዜሮ አይደለም! ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ ማለት ነው። «ኢሚዩኒቲሽ ደካማ ስለሆነ ኬሞ አይጠቅምሽም» ብሎ ይህችን ሴት ከሆስፒታል የመለሳት ሰው ከሦስት አንድ የሆነውን ዕድሏን ወስዶባታል። ይህን ዕድል በምን ዱቄት ይመልስላታል?

አሁን ወደ ዋናው ውሸት እንምጣ። «ኬሞ ኢሚዩኒቲን ይገድላል» ወደሚለው።

በእኛ ሆስፒታሎች ለጡት ካንሰር በብዛት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን ነው፤ ታማሚዎች በቀይ ቀለሙ ያውቁታል። በፈረንሳይ ጉስታቭ ሩሲ የካንሰር ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች ከ2005 ጀምረው በዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ላይ ያሳዩት ነገር አስገራሚ ነው። መድኃኒቱ የካንሰር ሴልን ሲገድል ሴሉ ዝም ብሎ አይሞትም፤ እየሞተ ይጮኻል። በላዩ ላይ ምልክት ያወጣል፣ ከውስጡም ኬሚካል ይለቃል፤ የመከላከያ ሴሎች ያንን ምልክት ተከትለው ይመጣሉ፣ ጠላታቸውንም ያውቁታል። በአይጦች ላይ ሲሞክሩት የመከላከያ ሥርዓታቸው የተጓደለባቸው አይጦች በመድኃኒቱ ያን ያህል አልተጠቀሙም። የደም ምልክቶቹ ጥናት ትርጉም የሚሰጠው ከዚህ ጋር ሲታይ ነው። መድኃኒቱ ጠላትን መትቶ ያጋልጣል፣ ወታደሩ የተጋለጠውን ይጨርሳል። ነጋዴው ግን ጠላትን የሚያጋልጠውን ከሜዳ አስወጥቶ ወታደሩን ብቻውን ተዋጋ ይላል። ይህ ወታደር ቀድሞም እዚያው ነበር እኮ፤ ካንሰሩ ያደገው ከእርሱ ተደብቆ ነው።

አዎ፣ ኬሞ ነጭ የደም ሴሎችን ያወርዳል። ይህን ማንም ሐኪም አይክድም። ከመድኃኒቱ በኋላ ባለው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ቁጥሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ መቅኒው አዳዲሶችን እያመረተ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ዙሩ በ21 ቀን የሚሆነውም ለዚህ ነው። በየዙሩ የሚታየው ሲቢሲም መመለሱን ለማረጋገጥ ነው። ካልተመለሰ ሐኪሙ ሳምንት ያሸጋግራል ወይም ቁጥሩን የሚያነሳ መርፌ ያዛል። ይህንን መውረድና መውጣት «ኢሚዩኒቲዋ ሞተ» ብሎ መተርጎም የጾመ ሰው ሲደክመው አይቶ «ሞተ» እንደማለት ነው። በእነዚህ ቀናት በእውነት መፍራት ያለብን ሌላ ነገር አለ፤ ትኩሳት። በኬሞ ላይ ያለች ሴት ሙቀቷ 38 ከደረሰ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ አለባት። ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ፣ ዝንጅብልና ማር አፍልቶ ማየት የለም። ኒውትሮፊል በሌለበት የገባ ባክቴሪያ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ስለ ኢሚዩኒቲ ቀን ከሌት ከሚለጥፉት ሰዎች መካከል ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የጻፈ አይታችኋል?

ሒጃማንም እዚህ ላይ አነሳዋለሁ፤ የሚቆጣኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሒጃማ ሱና ነው፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ኒውትሮፊሏ የወረደ፣ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶቿ ያነሱ ሴት ቆዳ ላይ ሲቢሲዋን ሳያይ ምላጭ የሚያሳርፍ ሰው ሱናን ሕያው እያደረገ አይደለም። አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሕክምና እውቀት ሳይኖረው ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ተናግረዋል። ፉቀሃዎችም በዚህ ላይ ተመሥርተው የካሳን ሕግ አብራርተዋል። «ኢንሻአላህ ትድኛለሽ» ብሎ ከኬሞ ያስቀራት ሰው ከዚህ ተጠያቂነት በምን ያመልጣል? «እኔ ምክር ነው የሰጠሁት» በማለት? በምክሩ ገንዘብ ተቀብሏል እኮ።

ጥቁር አዝሙድስ? በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ከሞት በስተቀር ለሁሉም በሽታ ፈውስ እንዳለ የሚናገረው ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሰሒሕ ነው፣ እናምንበታለን። ግን የሐዲሱን አረዳድ ከማን ነው የምንወስደው? ከዘይት ሻጭ ወይስ ከዑለማዎች? አል-ኸጣቢ ቃሉ አጠቃላይ ሆኖ የተፈለገው የተወሰኑ በሽታዎች እንደሆነ ገልጸዋል፤ ኢብኑ ሐጀርም በፈትሑል ባሪ ይህን የዑለማዎች ንግግር አስፍረውታል። ከዚህ በተለየ መንገድ የተረዱትም ቢሆኑ «ሌላውን ሕክምና ተዉ» አላሉም። «በጥናት ተረጋግጧል» የሚባለውም ቢሆን፣ በአዝሙዱ ውስጥ ያለው ቲሞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የካንሰር ሴል መግደሉ ነው። ሳህን ላይ የካንሰር ሴል የሚገድል ነገር ብዙ ነው፤ በረኪናም ይገድላል። በሳህን ላይ መግደልና በሰው አካል ውስጥ ማዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ኬሞ ትቶ በሌላ ነገር ብቻ መታከም ምን እንደሚያስከትል ደግሞ በግምት የሚቀር ጉዳይ አይደለም። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ሥራ፣ ሊድን የሚችል ካንሰር እያለባቸው የሆስፒታሉን ሕክምና ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን መደበኛውን ሕክምና ከወሰዱ 560 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። በጡት ካንሰር ላይ አማራጩን ብቻ የመረጡት የመሞት ስጋታቸው 5.68 እጥፍ ነበር። ደግማችሁ አንብቡት። እነዚህ ድሆች ስለሆኑ ሆስፒታል ያላገኙ ሰዎች አይደሉም። ሕክምናው በጃቸው እያለ ፈርተው ወይም ተታለው የተዉ ናቸው።

«ከኬሞው ጋር አብራ ብትወስደውስ ምን ይጎዳል?» የሚል ወንድም ይኖራል። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። መልሱ፦ ሐኪሟ ይወቀው። በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዶክሶሩቢሲን፣ ሳይክሎፎስፋማይድና ፓክሊታክሴል የወሰዱ 1,134 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ስለሚወስዷቸው ተጨማሪ እንክብሎች ጠይቆ ነበር። እነዚህ ሦስቱ እኛም አገር የሚሰጡት መድኃኒቶች ናቸው። ከኬሞው በፊትም በኬሞው ወቅትም አንቲኦክሲደንት የሚባሉትን የወሰዱት ላይ በሽታው የመመለስ አዝማሚያው ከፍ ያለ ሆኖ ታይቷል። የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ የወሰዱት ቁጥራቸው ጥቂት ስለነበር ተመራማሪዎቹም በጥንቃቄ ነው የተናገሩት። ነገር ግን «ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» የሚለውን የለመድነውን አባባል ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል። ፓክሊታክሴልን የሚሰባብረው ጉበት ነው፤ አንዳንድ ዕፅዋት የጉበትን ሥራ ያፈጥናሉ፣ አንዳንዶቹ ያዘገያሉ። መድኃኒቱ ቶሎ ከወጣ ካንሰሩን ይስታል፣ ከዘገየ ሰውነቷን ያቃጥላል። ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩ ራሱ ያውቃል ብላችሁ ትምላላችሁ?

እውነተኛው የኢሚዩኒቲ ሕክምና ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚፈልግ ካለ፣ አለ። ፔምብሮሊዙማብ ይባላል። የካንሰር ሴል የቲ ሴልን ፍሬን ረግጦ ያቆመዋል፤ ይህ መድኃኒት ያንን ፍሬን ይለቅቃል። ትሪፕል ኔጌቲቭ ካንሰር ባለባቸው 1,174 ሴቶች ላይ በተካሄደው ኪኖት-522 በሚባለው ጥናት፣ በመጀመሪያው ትንተና ኬሞ ብቻ ከወሰዱት 51.2 በመቶው፣ ከኬሞው ጋር ፔምብሮሊዙማብ ከወሰዱት ደግሞ 64.8 በመቶው ቀሪ ካንሰር አልተገኘባቸውም። በ5 ዓመት በሕይወት የቆዩት 81.7 እና 86.6 በመቶ ናቸው። አንድ ቃል አስምሩልኝ፤ «ከኬሞው ጋር»። በዓለም ላይ በቢሊዮን ብር የሚቆጠር ወጪ የወጣበት፣ ኢሚዩኒቲን በእርግጥ የሚያነቃው መድኃኒት እንኳ በዚህ ጥናት የተሰጠው ከኬሞ ጋር ተደምሮ ነው። በጀርካን የመጣው ዘይት ነው ኬሞን የሚተካው? ይህ መድኃኒት በዋጋው የተነሳ ለአብዛኞቹ እህቶቻችን የሚደረስበት አለመሆኑ ያማል፤ በደልም ነው። የበደሉ መፍትሔ ግን በእጃችን ያለውን መጣል አይደለም።

ለሚፈሩት እህቶች ያለኝ ቃል ግን የተለየ ነው። መፍራታችሁ ያስወቅሳችኋል አልልም። ፀጉር መርገፉ፣ ማቅለሽለሹ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለች ሴት መመላለሱ፣ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ሲያልቅ ከውጭ በውድ መግዛቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪሞቻችንም ወረፋው ስለሚበዛባቸው ብዙ ጊዜ ወረቀቱን አይተው «ቀጥይ» ብለው ይለፉታል፤ ወረቀቱ ምን እንዳለ የሚያስረዳ የለም። ነጋዴው የሚገባው በዚያች ባዶ ቦታ ነው። እርሱ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ «እህቴ» ይላል፣ ዱዓ ያደርጋል። ያቺ ሴት የሄደችው ሞኝ ስለሆነች አይደለም፤ የሚያናግራት ሰው ስላገኘች ነው። ሐኪሞቻችን አምስት ደቂቃ ቢጨምሩ ብዙ ዱቄት ከገበያ ይወጣል።

ሩቅያና ዱዓ የማንም ሕክምና ተቃራኒ አይደሉም። ቁርኣን እየተቀራባት ኬሞ የምትወስድ ሴት ሁለቱንም ሰበብ አድርሳለች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባሮቹ እንዲታከሙ አዘዋል፤ ለእያንዳንዱ በሽታ አላህ መድኃኒት ማውረዱንም ነግረውናል። በረመዷን ኬሞ ላይ ያለች እህትን «ጾም ኢሚዩኒቲ ያጠነክራል» ብሎ እንድትጾም የሚጫናት ሰውም አላህ ለታመመ ሰው የሰጠውን ሩኽሳ እየነፈጋት መሆኑን ይወቅ። «ወንድ ሐኪም ጡቷን አያይም» ብሎ ለወራት ያስቀመጣት ባልም እንዲሁ። ሴት ሐኪም ካለች ትቅደም። ከሌለች ግን ዑለማዎች ስለ ደሩራ ያሉትን ጠይቆ ይረዳ፤ ዕጢው አይጠብቀውም።

በ2020 ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ይያዛሉ፤ ከሴቶች ካንሰር ሁሉ አንደኛው ነው። ብዙዎቹ የሚደርሱት ዕጢው ከገፋ በኋላ ነው። ለእነዚህ ሴቶች መጀመሪያ የሚጠቅማቸው ጥያቄ «ኢሚዩኒቲዬ ስንት ነው?» የሚለው አይደለም። «ባዮፕሲዬ ምን ይላል? የሆርሞን መለያው ተሠርቶልኛል? ኸርቱስ?» የሚለው ነው። በአገራችን በተደረገ ጥናት ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው የጡት ካንሰር የሆርሞን መለያ ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ለእነዚህ ሴቶች ታሞክሲፈን የሚባል በአፍ የሚወሰድ እንክብል አለ፤ ከካንሰር መድኃኒቶች ሁሉ ከርካሾቹ መካከል ነው፣ ለዓመታትም ይወሰዳል። ያ ምርመራ ያልተሠራላት ሴት ይህ መድኃኒት እንደሚጠቅማት ሳታውቅ ትቀራለች። ለአንድ ወር ዱቄት የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ምርመራ ቢውል አይሻልም?

የደም ምልክቶቹ ምርምር ይቀጥል። ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ተመራማሪዎች፣ ከእናንተም መካከል ሕክምናና ላቦራቶሪ የምትማሩ፣ በየሆስፒታሉ መዝገብ ቤት የተከማቸውን ሲቢሲ ከሕክምናው ውጤት ጋር አስተያይታችሁ በእኛ ሴቶች ላይ መስመሩ የት እንደሆነ ብታጠኑ ትልቅ ኸይር ነው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ቁጥሮቹ ተጽፈው ተቀምጠዋል። እስከዚያው ድረስ ግን ማንም ሰው በዚያ ቁጥር ተመርኩዞ አንዲትንም እህት ከኬሞ የማስቀረት መብት የለውም።

ለእናንተ ወጣቶች የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ያ መልእክት ዛሬ ማታ ግሩፓችሁ ውስጥ ሲገባ በዝምታ አትለፉት። ለላኪው ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ጥናቱ የት ነው፣ ጥናቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ኬሞ ወስደዋል ወይስ አልወሰዱም፣ ምክርህን ሰምታ እህቴ ብትሞት ካሳውን ትከፍላለህ? ስልክ ቁጥሩን ከግሩፑ አጥፉት። በየመስጊዱ የጀመዓ ወጣቶች የምትሰበስቡት ሰደቃም አለ፤ ከወሎ፣ ከባሌ፣ ከስልጤ ወደ ጥቁር አንበሳ ለሚመላለሱ እናቶች የትራንስፖርትና የማረፊያ ወጪ ከዚያ ይመደብ። አንድ ዙር የሚያመልጣት ብዙ ጊዜ ዱቄት ስለመረጠች ብቻ ሳይሆን የአውቶቡስ ብር ስላጣችም ነው፤ ቀጠሮዋ ደግሞ በ21 ቀን ይመጣል።